ራዲያተሩን ካጠቡ በኋላ ሞተሩ ለምን መሞቅ ጀመረ?

ጥያቄ፦ «በ2004 እ.ኤ.አ. የተሠራች 1.6 ኮሮላ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ግቢዬ ውስጥ የራዲያተሩን ውሃ በታችኛው መክፈቻ ደፋሁ፤ የማጠቢያ ኬሚካል ከቧንቧ ውሃ ጋር ጨምሬ ሞተሩን ሃያ ደቂቃ ያህል አሠራሁት፤ ከዚያም ያንን ደፍቼ አረንጓዴ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሞላሁ። ከገዛኋቸው ሁለት ባለ 4 ሊትር ጀሪካኖች አንዱ እንኳ አላለቀም፤ ግማሽ ሊትር ያህል ተርፏል። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ እየሠራ) ስትቆም፣ በተለይም የሽሮ ሜዳን ዳገት ይዤ መጨናነቅ ውስጥ ስገባ፣ የሙቀት መርፌው ከመሃል ወደ ላይ ይወጣል፤ መንገዱ ተከፍቶ ስነዳ ይመለሳል። ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ብቻ ይሰጣል፤ ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ጀርባም ውሃ ሲንቆረቆር ይሰማኛል። ከዚህ በፊት ሙቀት የሚባል አታውቅም ነበር። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ) አውጥተህ ጣለው አለኝ፤ ሌላው ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) መውረድ አለበት አለኝ። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ያቆዩአቸው። ከጻፉት ሁሉ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ያልተከፈተው ሁለተኛ ጀሪካን ነው። የዚህ ሞተር የማቀዝቀዣ ሥርዓት ራዲያተሩን፣ ሞኖብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል)፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለችውን የሂተር ትንሽ ራዲያተርና ቱቦዎቹን ሁሉ ጨምሮ 6 ሊትር ገደማ ይይዛል። እርስዎ ያስገቡት ሦስት ሊትር ተኩል ነው። የጎደለውን ሁለት ሊትር ተኩል የያዘው ወይ ከውስጥ ያልወጣ የማጠቢያ ውሃ ነው፣ ወይ አየር ነው፤ እንደ እኔ ግምት ሁለቱም አሉበት።

ግምቴን ላስረዳ። የራዲያተሩን የታችኛውን መክፈቻ ብቻ ሲከፍቱ ራዲያተሩና የላይኛው ቱቦ ይራቆታሉ፤ ሞኖብሎኩ ውስጥ የተኛው ፈሳሽ ግን የራሱ ማፍሰሻ ብሎን ስላለው እሱ ካልተፈታ አብዛኛው ባለበት ይቀራል። ስለ ሞኖብሎኩ ብሎን አንዳች ስላልጠቀሱ አልፈቱትም ብዬ እወስዳለሁ። ስለዚህ ኬሚካል የተቀላቀለበት ውሃ ከፊሉ ዛሬም ከአዲሱ ኩላንት ጋር እየዞረ ነው ማለት ነው። የሂተሩ ራዲያተር ደግሞ ከሞተሩ መሙያ አፍ ጋር ሲነጻጸር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ፈሳሹ ሲወርድ አየር የሚገባባት፣ ፈሳሹ ሲመለስ ግን አየሩ በቀላሉ የማይለቅባት ቦታ ናት። ሂተሩ ቀዝቃዛ መሆኑና ከክሩስኮቱ ጀርባ መንቆርቆሩ አብረው ከመጡ፣ ከማጠቡ በፊት ደግሞ ሁለቱም ያልነበሩ ከሆነ፣ ሥርዓቱ አየር ይዟል ብሎ መነሣት ከማንኛውም ሌላ ግምት ይቀድማል።

አየር መያዝ እንዲህ ያለ ነገር የሚያመጣው ለምን እንደሆነ ማወቅ በኋላ ላይ ከመደናገር ያድናል። የውሃ ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ አየር መግፋት አይችልም፤ አረፋ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ሲደርሰው ጉልበቱ ይወድቃል። ሚኒሞ ላይ የፓምፑ ዙር ዝቅተኛ ስለሆነ ዝውውሩ ሊቆም ይቃረባል፤ ሲነዱ ዙሩ ይጨምርና አረፋውን እየጎተተም ቢሆን ያዞረዋል፤ ከፊት የሚነፍሰው ነፋስም ራዲያተሩን ያግዘዋል። መርፌዎ ቆማችሁ ሲወጣ፣ ስትነዱ ሲመለስ የሚያዩት ለዚህ ነው። ከዚህ የከፋው የሙቀት ሴንሰሩ ጉዳይ ነው። ሴንሰሩ ፈሳሽ ውስጥ ተጠልቆ እንዲለካ የተሠራ ስለሆነ፣ ጫፉ የአየር ኪስ ውስጥ ከቀረ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚልከው ንባብ ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል፤ ኮምፒውተሩም የራዲያተሩን ማራገቢያ (ፋኑን) በጊዜው አያስነሣም። በተጨማሪ የዚህ ዓይነት መኪናዎች መርፌ ሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ ሳይነቃነቅ እንዲቀመጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከመሃል ተነሥቶ ወደ ላይ ሲሄድ ካዩት ሞተሩ ቀድሞ ከልኩ አልፏል፤ «ገና ቀይ አልደረሰም» እያሉ ዳገቱን መጨረስ አይገባም።

እዚህ ላይ የከተማችንን ከፍታ አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል። የመኪና መመሪያዎች የሚጻፉት በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እርስዎ በሚወጡት ወደ እንጦጦ በሚያቀና ዳገት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የራዲያተሩ ፋን የሚነሣው በ90ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ዲግሪዎች ላይ ነው። ከፈሳሹ መፍላት የሚያድነን እንግዲህ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ ይህ ፈሳሹን የሚያፍንበት የግፊት መጠን ነው። ደህና የሆነ የ0.9 ክዳን እዚህ ከተማ ውስጥ እንኳ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያሳልፈዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ያስመልጣል፤ ያኔ ከኩላንት ይልቅ ውሃ የበዛበት ፈሳሽ ፋኑ ገና ሳይነሣ መንተክተክ ሊጀምር ይችላል። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ዓመት የሚታገሥ ያረጀ ክዳን እዚህ በአንድ መጨናነቅ ይጋለጣል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ክዳኑን ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ጠዋት ከፍተው ይመልከቱት። የላስቲኩ ቀለበት መሰንጠቁን፣ መጠንከሩን፣ የክዳኑ ቅርጽ በላዩ ላይ በጥልቀት መታተሙን ይዩ። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ቫልቭ በጥፍር ሳብ ሲያደርጓት መከፈት፣ ሲለቋት መመለስ አለባት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ኩላንት የሚመለሰው በእሷ በኩል ነውና። እሷ ስትጣበቅ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የላይኛው ቱቦ ተጨምድዶ፣ ጠፍጥፎ ይገኛል። ከጥርጣሬ ይልቅ ከሶማሌ ተራ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አዲስ ክዳን መግዛት ይሻላል፤ ቁጥሩ ግን አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ ክዳን «የተሻለ ነው» ብለው ካስገቡ ያረጁትን ቱቦዎችና የራዲያተሩን የፕላስቲክ ራስ ያስፈነዳል። ክዳኑን በሞቀ ሞተር ላይ መክፈት ፊትንና እጅን የሚያቃጥል አደጋ መሆኑን የሚያውቁት ቢሆንም መድገሙ አይጎዳም።

አሁን ወደ አየር ማስወጣቱ እንምጣ። ከብሎን መፍቻዎች በፊት የሚያስፈልግዎት ትዕግሥት ነው፤ ሥራው ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈውም ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ በመጠበቅ ነው። መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ላይ በሚያይ ዘቅዛቃ ቦታ ያቁሟት፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ድንጋይ ያስደግፉ። ዓላማው የራዲያተሩ አፍ የሥርዓቱ ከፍተኛ ቦታ እንዲሆን ነው፤ አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚሄድ መውጫውን እኛ ከፍ እናደርግለታለን። የሂተሩን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ ያዙሩ። ከዚያ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠው፣ አንገቱን በጨርቅ ጠቅልለው ራዲያተሩ አፍ ላይ በጠባቡ ያስገቡትና ኩላንቱን በቀስታ ይጨምሩ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከሞተሩ ሁሉ ከፍ ብሎ ስለሚቆም በራሱ ክብደት ይጫናል። እየሞሉ የላይኛውንና የታችኛውን ወፍራም ቱቦ፣ ወደ ሂተሩ የሚሄዱትንም ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች በእጅዎ ጨመቅ ለቀቅ ያድርጓቸው። በእያንዳንዱ ጭመቃ ትልልቅ አረፋ ግልብጥ ብሎ ሲወጣ፣ የጠርሙሱም ፈሳሽ ሲወርድ ያያሉ። ያ አረፋ ነው ሳምንቱን ሙሉ ሲያንቆረቁር የሰሙት።

አረፋው ሲያቆም ሞተሩን አስነሥተው ጠርሙሱ እንዳለ ጥቂት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ይተዉት፤ ሲወርድ ይጨምሩ። ነገር ግን ፈሳሹ በእጅ ሲነካ ማቃጠል ከመጀመሩ በፊት ሞተሩን አጥፍተው ጠርሙሱን ማንሣት አለብዎት፤ የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ 70 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ይለሰልሳልና። ራዲያተሩን እስከ አፉ፣ ማጠራቀሚያውን እስከ ላይኛው መስመር ሞልተው ክዳኑን ይዝጉ። ከዚህ በኋላ ያለው በተዘጋ ክዳን የሚሠራ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ እስኪሞቅ መጠበቅ እንደኛ ባለ ከፍታ ፈሳሹ ገንፍሎ እንዲወጣ ይጋብዛል። ሞተሩን በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ይዘው ያቆዩት፤ መርፌውን አንድ ሰው እየተመለከተልዎት ቢሆን ይመረጣል። የታችኛው ቱቦ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል። ፋኑ አንድ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ እስኪቆም ይጠብቁና ያጥፉ፤ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ከፍተው የጎደለውን ይሙሉ። ይህንን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙ በየጊዜው የሚገባው መጠን እያነሰ መሄድ አለበት፤ ሂተሩም በአንዱ ዙር ላይ በድንገት ሙቅ አየር መትፋት ይጀምራል።

ሂተሩ ቀዝቅዞ ከቀረ ግን ሁለቱን የሂተር ቱቦዎች ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ግድግዳ) አጠገብ ይንኳቸው። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ፈሳሹ እየዞረ ነው፤ ችግሩ የአየር መምሪያው በር ላይ ነው፤ ከሙቀቱም ጋር አይገናኝም። አንዱ ትኩስ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ አየሩ አልለቀቀም፣ ወይ የማጠቢያው ኬሚካል ከሞተሩ ግድግዳ ያላቀቀው ደለል ሄዶ የሂተሩን ቀጫጭን መንገዶች ዘግቷቸዋል። ይህ ሁለተኛው ሲከሰት ሁለቱን ቱቦዎች ፈትቶ በተቃራኒው አቅጣጫ ዝቅተኛ ግፊት ባለው የቧንቧ ውሃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ በቡናማ ዝቃጭ የተሞላ ውሃ ሲወጣም ያያሉ። ያው ደለል የራዲያተሩንም የታችኛውን ክፍል ሊዘጋ ይችላል። የዚያ ምልክት ከእርስዎ የተለየ ነው፤ ራዲያተሩ የተዘጋ መኪና ቆሞ ደህና ሆኖ ረጅም ዳገት ወይም ፈጣን መንገድ ላይ ይሞቃል።

ስለ ፋኑ አጭር ነገር ልበል። ሞተሩን አስነሥተው ኤሲውን ሲከፍቱ ፋኑ መዞር አለበት። ካልዞረ ራዲያተሩን ሲያጥቡ የፋኑን ሶኬት አላልተውት ወይም ውሃ አስገብተውበት ይሆናል፤ ከፊውዙ በፊት ሶኬቱን ይዩ።

ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው የሚለውን ምክር በተመለከተ፣ ምክሩ በጋራዦቻችን ለምን እንደተለመደ ይገባኛል፤ በአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ላይ ሙቀቱን ለጊዜው ያሳንሰዋል። በዚህ ኮሮላ ላይ ግን ቴርሞስታቱ የተቀመጠው በፈሳሹ መግቢያ፣ የታችኛው ቱቦ ከሞተሩ በሚገናኝበት ላይ ሲሆን፣ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት በሌላ ጫፉ ደግሞ የማለፊያውን መንገድ ይዘጋል። አውጥተው ከጣሉት ማለፊያው እንደተከፈተ ይቀራል፤ የሞቀው ፈሳሽ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ተመልሶ ሞተሩ ይገባል። ጠዋት ላይ ሞተሩ አልሞቅ ይላል፣ ቤንዚን ይበላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ያው ሙቀቱ ይመጣል። ሁለቱም ጉዳት በአንድ መኪና ላይ ማለት ነው።

ቴርሞስታቱን ከጠረጠሩት አውጥተው ይፈትኑት፤ ሆኖም ፈተናው ራሱ እዚህ ከተማ ሰው ያሳስታል። ልማዱ በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ ማፍላት ነው። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መከፈት ይጀምራል፤ ሙሉ አከፋፈቱ የሚለካው ግን በ95 ዲግሪ ነው። ድስትዎ አዲስ አበባ ውስጥ ከ92 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ቢያዩት ደህና ዕቃ ነው፤ አይጣሉት። በእኔ ጠረጴዛ ላይ «አይከፈትም» ተብለው የመጡ፣ ምንም ያልሆኑ ቴርሞስታቶች ጥቂት አይደሉም። መመልከት ያለብዎት ውሃው ሳይፈላ መንቀሳቀስ መጀመሩንና ሲወጣ ቀዝቅዞ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱን ነው። ሲመልሱትም ጠርዙ ላይ ያለችው ተንቀሳቃሽ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የምታሾልከው እሷ ናት፤ ወደ ታች ተገልብጣ ከገባች የለፉበት አየር ማስወጣት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ያለዎትን ባለሙያ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም፤ ሞተሩ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜና ምን ያህል እንደሞቀ አላየሁም፤ ይህ ሞተር ደግሞ ሞኖብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ያጣምመዋል። ነገር ግን ያቀረበልዎት ማስረጃ ሙቀቱ ብቻ ከሆነ፣ ቴስታታ ለማውረድ አይበቃም። ማስረጃው እንዲህ ያለ ነው፦ አየሩን በሚገባ ሦስት ጊዜ አስወጥተው ሲያበቁ በማግሥቱ እንደገና አየር ይገኛል፤ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሠራ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ወደ ማጠራቀሚያው የማያባራ አረፋ ይመጣል፤ የትም ሳይንጠባጠብ ኩላንቱ ይጎድላል፤ ከማርሚታው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጢስ ይወጣል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ቡና በወተት የሚመስል ነገር ብቻውን አያስደንግጥዎት፤ በክረምት አጭር አጭር መንገድ በምትነዳ መኪና ላይ ከጤዛ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ካገኙት ግን ሞተሩን አያስነሡ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ፣ የተቃጠለ ጋዝ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጠውን ፈሳሽ በራዲያተሩ አፍ ላይ ይዞ የሚፈትን ጋራዥ ይፈልጉ። ፈተናው አጭር ነው፤ ውጤቱንም በዓይንዎ ያዩታል። አንድ ጊዜ ቴስታታዋ ወርዶ፣ ተላግቶ፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን ከተገጠመላት በኋላ ያው ሙቀት ያልለቀቃት መኪና ወደ እኔ መጥታ ነበር፤ የተገኘባት ከክዳኑ ወደ ማጠራቀሚያው የምትሄደው ቀጭን ቱቦ መሰንጠቅ ነበር፤ ሞተሩ በቀዘቀዘ ቁጥር በኩላንት ፈንታ አየር ትስብ ነበር። ያቺን ቱቦ እርስዎም ዳብሰው ይዩዋት።

የቀረው ውስጥ ያለው ድብልቅ ነው። ጀሪካኑ ላይ «ሳይቀጠን ይጠቀሙ» የሚል የተዘጋጀ ኩላንት ከሆነ ግማሹ ቀድሞውኑ ውሃ ነው፤ ሦስት ሊትር ተኩሉ ሞኖብሎኩ ውስጥ ከቀረው ውሃ ጋር ሲቀላቀል ኩላንቱ ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ውርጩ አያሳስበንም፤ ዝገት ተከላካዩ መሳሳቱ ግን አሉሚኒየሙን ያስበላል። ያልተቀጠነ ከሆነ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይጠጋል፤ እሱ የሚቻል ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር ግን አይገባም፤ ኩላንት ከውሃ ያነሰ ሙቀት ስለሚሸከም ሲወፍር ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። የእኔ ምርጫ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ በአንድ ቅዳሜ የሞኖብሎኩንም ብሎን ፈትተው፣ የኬሚካሉን ቅሪት ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ በንጹሕ ውሃ አጥበው፣ እንደገና ግማሽ በግማሽ እንዲሞሉት ነው። ቀድሞ ውስጡ የነበረው የቶዮታ ቀይ ወይም ሮዝ ኩላንት ከነበረ ይህ መታጠብ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ዓይነታቸው የተለያዩ ኩላንቶች ሲቀላቀሉ አንዳንዴ እንደ አጥሚት ይረጋሉ። ቀለም ብቻውን ግን ዓይነትን አይመሰክርም፤ ጀሪካኑን ያንብቡ። ለማቅጠኛ የጉድጓድ ውሃ አይጠቀሙ፤ ማዕድኑ በድስት ላይ የሚያዩትን ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩ ውስጥም ይሠራል። በነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሻላል፤ ሲገዙ ግን ጠርሙሶቹ ስለሚመሳሰሉ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጥዎት ጽሑፉን አይተው ይውሰዱ።

የደፉትን አሮጌ ኩላንት በባልዲ ክፍት አድርገው ግቢ ውስጥ አስቀምጠውት ከሆነ ዛሬውኑ በጀሪካን አሽገው ልጆችና ውሻ ከማይደርሱበት ያኑሩት። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ጥቂቱም ኩላሊት ይገድላል።